የዡራ ሰዎች የሚተዳደሩት በወይን ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ በፈረንሳይ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የዡራ አውራጃ «ቢጫ ወይን» የሚባል መጠጥ እንደሚዘጋጅ አነበብኩ። አገሩ ተራራማና ብርዳም ከሆነ ወይን እንዴት ይበቅልበታል? ነዋሪዎቹስ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው?
(የመልክዓ ምድር መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወይኑ የሚበቅለው በተራራው ላይ ሳይሆን በግርጌው ነው። በአርብዋ፣ በፖሊኚና በሎን ለ ሶኒዬ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘረጋው ጠባብ የወይን መሬት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ አብዛኛው ክፍሉም ከባሕር ጠለል በላይ ከ250 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ ያርፋል። በአገራችን እንዲህ ያለው ከፍታ የበረሃ ነው፤ ዡራ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 47 ዲግሪ ያህል ስለሚርቅ፣ በ2017 እና በ2021 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንደታየው የጸደይ ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ሊያቃጥለው ይችላል።

ቢጫው ወይን የሚጠመቀው ሳቫኛ ከተባለው የወይን ዝርያ ነው። በኦክ በርሜል የተቀመጠው መጠጥ እየተነነ ሲጎድል፣ በሌላ አገር እንደሚደረገው ዘወትር አይሞላም፤ ይልቁንም በላዩ ላይ የእርሾ ስስ ሽፋን እንዲጋርደው ተደርጎ ከስድስት ዓመት በላይ ይቆያል። ጠርሙሱ 62 ሴንቲ ሊትር የሚይዘውም አንድ ሊትር ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የሚተርፈው ይህን ያህል ነው ስለሚባል ነው። በዶል ተወልዶ በአርብዋ ያደገው ሉዊ ፓስተር በ1878 በዚያው አካባቢ ባለው የራሱ ማሳ የወይን ተክሎችን በመስታወት ቤት ከልሎ፣ መፍላትን የሚያመጣው እርሾ ከውጭ የሚመጣ መሆኑን ለማረጋገጥ ሙከራ አድርጓል።

ይሁን እንጂ አውራጃውን በወይኑ ብቻ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ነገር አላየም ለማለት እደፍራለሁ። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ከመዛመቱ በፊት 20,000 ሄክታር ገደማ የነበረው የወይን መሬት ዛሬ 2,000 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ለከተሞቹ መቆርቆር ትልቁ ምክንያት ጨው ነበር። በሳለን ሌ ባን ከመሬት በታች የሚቀዳው ጨዋማ ውኃ በእንጨት እሳት እየተፈላ ጨው ይወጣለት ነበር፤ በዙሪያው ያለው ደን እየተመናመነ ሲሄድም ውኃውን ደን ወዳለበት መውሰድ ተመረጠና፣ ከ1775 ጀምሮ በአርክ ኤ ሰናን በተሠራው የንጉሡ የጨው ፋብሪካ ውኃው 21 ኪሎ ሜትር በሚሆን የእንጨት ቧንቧ እየሄደ ይፈላ ጀመር። ሁለቱም ሥፍራዎች ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በተራራው ላይ ደግሞ ኑሮውን የሚወስነው ረጅሙ የብርድ ወራት ነው። በበጋ የተገኘውን ወተት ለዚያ ጊዜ ለማቆየት የሚቻለው ትልቅና ጠንካራ ፎርማጆ በመሥራት ነበር፤ ነገር ግን 40 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ የኮንቴ ፎርማጆ 400 ሊትር ያህል ወተት ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ገበሬዎቹ ወተታቸውን በጋራ ማጠራቀም ጀመሩ፤ በጥንቱ ልማድ የዕለቱ ፎርማጆ እንደ ዕቁብ በተራ ለአንዱ አባል ይደርሰው ነበር። ይህ ማኅበር፣ አሠራሩ ቢለወጥም፣ እስከ ዛሬ አለ፤ የንግዱ ማዕከልም ፖሊኚ ናት። በብዙ የአረብ አገሮች ሱቆች የሚታወቀው «የምትስቀው ላም» የተሰኘው ባለ ሦስት ማዕዘን አይብም በ1921 በሎን ለ ሶኒዬ የተመዘገበ ምልክት ነው።

ያው ብርድ የእጅ ሙያንም አስፋፍቷል። በረዶ ቤት ያስቀራቸው የሞሬ አካባቢ ገበሬዎችና አንጥረኞች ከ1796 ጀምሮ የመነጽር ፍሬም ሲሠሩ፣ ሴን ክሎድ ከተማ በትምባሆ ፒፓና በአልማዝ ጠረባ ታወቀች። ፒፓ የሚያጨስ ሰው እያነሰ ስለሄደ የሴን ክሎድ ሥራ ዛሬ በእጅጉ ቀዝቅዟል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው በሊዮን ነው። ከተሞቹን በባቡር ልጎበኛቸው እችላለሁ?

መልስ፦ በሊዮንና በብዛንሶን መካከል የሚመላለሰው የክልል ባቡር በሎን ለ ሶኒዬ፣ በፖሊኚና በአርብዋ ይቆማል። ወደ ሞሬና ሴን ክሎድ የሚሄደው መስመር ግን ከዶል የሚነሳ ነው፤ ዘገምተኛ ቢሆንም በሞሬ አጠገብ ያሉት ከፍተኛ ድልድዮቹ ጊዜዎን አያስቆጭዎትም። ወደ ሳለን ሌ ባን ባቡር ስለማይገባ በመኪና ቢሄዱ ይሻላል።