ባልም ይመርመር፦ ስለ ወንድ መካንነት ለጠየቃችሁኝ

ጎንደር ውስጥ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ስለ ወንድ መካንነት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጣው ጥያቄ ካሰብኩት በላይ ሆነ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ማንነታችሁን የሚገልጠውንም አውጥቻለሁ።

ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። እኔ ሦስት ቦታ ታይቼ ደህና ነሽ ተብያለሁ፤ ማህፀኔ ውስጥ ቀለም ገብቶ ራጅ እንኳ ተነስቻለሁ። ባለቤቴ ግን «እኔ ምን ሆኜ» ብሎ እምቢ አለ። (ከአዘዞ)

እህቴ፣ ያንቺን ያስቀደምኩት በየሳምንቱ ስለማየው ነው። ሚስት ወፍራም ፋይል ታቅፋ ትመጣለች። አልትራሳውንድ አለ፣ ሆርሞን አለ፣ ራጅ አለ። የባል ወረቀት አንድም የለም። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ግን ወንዱ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር የችግሩ አካል ነው። የእሱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። አንዲት ብልቃጥ ናት። ሴቲቱ ራጅ እስክትነሳ ድረስ እሱ አለመታየቱ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ባሎች እምቢ የሚሉት ወንድነታቸው የሚለካ ስለሚመስላቸው ነው። ሁለቱ አይገናኙም። አልጋ ላይ ምንም የማይጎድለው ሰው ፈሳሹ ዘር አልባ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹ ሲታይም ያው ነው፤ አብዛኛው ከሌሎች ዕጢዎች የሚመጣ ስለሆነ ዘር መኖር አለመኖሩን ዓይን አይለየውም። «ችግሩ አንተ ነህ» አትበይው። «አብረን እንታይ» በይው። የንስሐ አባታችሁ ወይም የሚያከብረው ታላቅ ካለ እሱ ቢያነጋግረው ደግሞ ይሰማል።

ለሌሎቻችሁም፦ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልመጣ ተመርመሩ። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል።

ምርመራው እንዴት ነው? ቤት ሆኜ ናሙና ማምጣት እችላለሁ? (ከማራኪ)

ትችላለህ። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ትቆያለህ። ሳሙና፣ ቅባት፣ ምራቅ አይነካውም፤ ተራ ኮንዶምም አይሆንም፣ ዘሩን ይጎዳል። ናሙናውን በራስ እጅ አውጥቶ መስጠት ለሕሊናቸው የሚከብዳቸው አሉ። ለምርመራ ተብሎ የተሠራ ኮንዶም ስላለ ሐኪምህን ጠይቀው። የመጀመሪያው ጠብታ እንዳይፈስብህ፤ ዘር የሚበዛው እሱ ላይ ነው። ከዚያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ነው።

አንድ ጎልማሳ በክረምት ብርድ ብልቃጡን ጋቢው ውስጥ ብብቱ ሥር አድርጎ መጣ። ደብቆ ማምጣቱን እያፈረ ይቅርታ ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ልክ እንዲህ ነው መምጣት ያለበት» አልኩት። የሰውነት ሙቀት ይጠብቀዋል።

ፈሳሹ እስኪቀጥን ግማሽ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ። ከዚያ ጠብታዋን መስታወት ላይ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ወደፊት የሚገሰግስ አለ፤ እዚያው የሚሽከረከር አለ፤ ዝም ያለም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው። ከመቶው 42 የሚንቀሳቀስ፣ 4 ደግሞ ቅርጹ የተስተካከለ መሆን አለበት። አዎ፣ 4 ብቻ። «96ቱ ጎባጣ ነው» ተብሎ ስንቱ ባል እንቅልፍ አጥቷል! ቁጥሩ ከዚህ ዝቅ ያለ ሰውም ይወልዳል። ውጤቱ ካላማረ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ በአንድ ወረቀት አይፈረድም።

ሁለቴ ተመርምሬ «ዘር የለም» ተባልኩ። በቃ አበቃ ማለት ነው?

አላበቃም። ቀጣዩ ጥያቄ ፋብሪካው ነው የቆመው ወይስ መንገዱ ነው የተዘጋው የሚለው ነው። ለዚህ ሐኪሙ ቆለጥህን ይዳስሳል፣ ሆርሞን ያዝዛል፤ አንዳንዴ የክሮሞዞም ምርመራም ያስፈልጋል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ለምሳሌ በጊዜው ባልታከመ ጨብጥ፣ ዘሩ ውስጥ ይመረታል፤ መውጫ ነው ያጣው። በቀዶ ጥገና ይከፈታል፣ ወይም ዘሩ በመርፌ ከውስጥ ይወሰዳል። ምርቱ የቆመው የአንጎል ሆርሞን ጎድሎ ከሆነ በሆርሞን መርፌ የሚመለስ አለ። ቆለጡ ራሱ ሲጎዳ ከባድ ነው፤ ያኔም ከቆለጡ ሥጋ ተቆንጥሮ ሲፈለግ ጥቂት ዘር የሚገኝበት ጊዜ አለ። ጥቂቱ ይበቃል፤ አንዷ ዘር በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ትገባለች። ቤልጂየም ውስጥ በዚህ መንገድ የተገኘው እርግዝና በ1992 እ.ኤ.አ. ከተዘገበ ወዲህ ስንቱ ወልዶበታል።

ልጄ በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ነበር። ከእሱ ይሆን? ሌላ ሚስት ቢያገባስ ትላለህ?

እማማ፣ ጆሮ ደግፍ ቆለጥ የሚጎዳው በአብዛኛው ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ ነው፤ ያኔም ብዙ ጊዜ አንዱን ነው። ይልቅ አንድ ነገር ያስታውሱልኝ። ሕፃን ሳለ ሁለቱም ቆለጦቹ ወርደው ነበር? ሳይወርዱ የቆዩ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ሌላ ሚስት ማግባት ምርመራ አይሆንም። እባክዎ ምራትዎን አያስጨንቋት፤ እሱን ይዘውልን ይምጡ። ጠበሉንም አይተዉ፤ ምርመራው ጠበሉን አይከለክልም።

ጎንደር መተማ ሹፌር ነኝ። ሙቀቱ ይሆን?

አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቆለጥ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚሠራው። ጠባብ ሱሪ ይቅር፤ በየተወሰነ ሰዓት ወርደህ ተንቀሳቀስ። ሲጋራ አቁም። መርቅኖ እንቅልፍ አጥቶ መንዳትም ይቅርብህ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በወር ስንት ቀን ቤት ታድራለህ? እንቁላል አንድ ቀን ያህል ነው የምትቆየው፤ ዘር ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን። ሁልጊዜ ከዚያ ውጭ ከመጣህ ሁለታችሁም ጤነኛ ሆናችሁ ልጅ ላይመጣ ይችላል። ቀኑን ከባለቤትህ ጋር ቁጠሩ። ዘር ለመሠራት ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅበት የለወጥከው ነገር የሚታየው ከ3 ወር በኋላ ነው።

ጂም ውስጥ ቴስቶስትሮን መርፌ እወጋለሁ። ለዘር ጥሩ ነው አይደል?

ተቃራኒው ነው! ከውጭ ሲገባ አንጎል በቂ አለ ብሎ ቆለጡን ማዘዝ ያቆማል፤ ዘሩ እስከ ዜሮ ይወርዳል። አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

በግራ በኩል ቆለጤ ላይ እንደ ትል የተጠማዘዘ ነገር አለ።

ያበጠ ደም ሥር፣ ቫሪኮሴል፣ ሳይሆን አይቀርም። ከመቶ ወንድ 15 ያህሉ አለበት፤ አብዛኛው ይወልዳል። በእጅ የሚዳሰስ ከሆነና ውጤትህም ከቀነሰ ቀዶ ጥገናው ይጠቅማል። ዩሮሎጂስት ይይህ።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን አንገናኝም። ምርመራውን በዚያ መሃል ባደርግ?

ከፋሲካ በኋላ አድርገው። ረጅም ጊዜ ሲቆይ ብዛቱ ይጨምራል፤ እንቅስቃሴው ግን ይደክማል። ውጤቱ ያሳስትሃል። ከበዓሉ በኋላ እንደ ወትሮው ኑሩ፤ ከዚያ ሦስት አራት ቀን ቆይተህ ና።

የት እንሂድ?

የዘር ምርመራው እዚሁ ጎንደር ይሠራል። ከእንቁላል ጋር በላቦራቶሪ ማገናኘት ካስፈለገ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል አለ፤ ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የግልም አሉ፤ ዋጋቸው ከበድ ይላል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወጪ አለው። ስለዚህ የባልን ውጤት፣ የተደገመውን ጭምር፣ እዚህ ጨርሳችሁ ይዛችሁ ውጡ።