በሶብላው ገርጥቶ ጤና አዳሙ ለምን ለመለመ?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንዲት እህት የሚከተለውን ጠይቀዋል፦

«ምድር ቤታችን ውስጥ 4 ጫማ በ2 ጫማ የሆነ፣ 1 ጫማ ጥልቀት ያለው የእንጨት ሣጥን አለኝ። በሶብላ፣ ቃሪያ፣ ጎመንና ጤና አዳም አለማበታለሁ። አፈሩን አልቆፍርም፤ ተክሉ ሲያበቃ ከአፈሩ ላይ ቆርጬ ሥሩን እዚያው እተወዋለሁ። አምና በብርዱ ወራት ጥሩ በልተናል። ዘንድሮ ግን የበሶብላውና የቃሪያው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ነው። ግንዱም እየቀጠነ ይረዝማል። የቡናውን ከሰል አመድ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ በመጨረሻም ኤፕሰም ጨው ጨመርኩበት፤ ባሰበት። መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ነው፣ ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት ይላል፤ ከአፈሩ 4 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጤና አዳሙ ምንም አልሆነም። ምን ልጨምር? ወይስ አፈሩን ደፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ለጊዜው ምንም አይጨምሩ። አፈሩንም አይድፉት። ትሉ፣ ፈንገሱና የአሮጌው ሥር ቀዳዳ ሁለት ዓመት የሠሩት አፈር ነው፤ አዲስ ከረጢት ቢገዙ ያንን ሕይወት አብረው አይገዙትም።

የመልሱን ግማሽ ራስዎ ጽፈውልኛል። «ጤና አዳሙ ምንም አልሆነም» ያሉት ነገር ከሌላው ሁሉ በልጦብኛል። ጤና አዳም ኖራ የበዛበትን፣ ደረቅና ድሃ አፈር ይችላል። በሶብላና ቃሪያ ግን ትንሽ ወደ አሲዳማነት ያዘነበለ አፈር ይወዳሉ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ ኖራማ) ከ6 እስከ 6.8 ሲሆን ይመቻቸዋል። አንድ ሣጥን ውስጥ፣ አንድ ውኃ እየጠጡ፣ አንዱ ለምልሞ ሁለቱ ከገረጡ አፈሩ ወደ ኖራማነት ሄዷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቢጫው የጀመረበት ቦታም ይህንኑ ይላል። ናይትሮጅን ሲያጥረው ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚገረጣው የታችኛው ቅጠል ነው፣ ያውም ሙሉ በሙሉ። ማግኒዥየም ሲያጥርም የሚጀምረው ከታች ነው፤ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ ከዚያ አይነቃነቅም። ሲጠፋ የሚራበው ጫፍ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ነው። የእርስዎ ከላይ ነው የጀመረው፤ ኤፕሰም ጨው ማግኒዥየም እንጂ ብረት ስላልሆነ ምንም አልፈየደም። ብረቱ ከአፈርዎ ውስጥ አልቋል ማለትም አይደለም። ፒኤች ከ7 ሲያልፍ ብረት ሥር ሊያነሣው ወደማይችለው መልክ ይለወጣል። እህሉ ጎተራ ሙሉ ነው፣ ቁልፉ ነው የጠፋው።

የቆለፈው፣ እንደኔ ግምት፣ አመዱ ነው።

ይህን ስል የእናቶቻችንን ልማድ እያጣጣልኩ እንዳይመስልብኝ። ጓሮ ውስጥ አመድ መበተን ትክክል ነበር። በምዕራብ፣ በሰሜን ምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የዘመናት ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለወሰደው አፈሩ አሲዳማ ነው፤ በወለጋና በጎጃም ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለዚህ ነው። አመድ የኖራን ሥራ ይሠራል፣ ደቃቅ ስለሆነም ይፈጥናል። እዚያ የጓሮ ጎመንና እንሰት በአመድ ሲፋፋ አይተናል፤ ያየነውም እውነት ነው። ሣጥንዎ ውስጥ ያለው አፈር ግን ሌላ ነው። በከረጢት የሚሸጠው አፈር አብዛኛው ፒት ሞስ፣ ማለትም ከረግረግ የሚወጣ በከፊል የበሰበሰ ተክል ነው፤ ፒት ሞስ በተፈጥሮው በጣም አሲዳማ ስለሆነ አምራቹ ገና ሲያዘጋጀው ኖራ ቀላቅሎ አስተካክሎታል። እርስዎ በዚያ ላይ ሁለተኛ ኖራ ጨመሩ ማለት ነው። ዝናብም አያገኘውም። ውጭ ያለ መሬት ትርፉ ይታጠብለታል፤ ምድር ቤት ያለ ሣጥን የሰጡትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። አመድ ፖታሲየምም በብዛት አለው፤ ሲበዛ ሥሩ ማግኒዥየም እንዳይወስድ ይሻማዋል። ከሰሉ ደግሞ ተጠፍጥፎ በፋብሪካ የተሠራ ዓይነት ከሆነ ማያያዣና ማቀጣጠያ ሊኖርበት ይችላልና ለሚበላ ተክል ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

የእንቁላል ቅርፊቱ ጥፋት ትንሽ ነው። ደቅቆ እንደ ዱቄት ካልሆነ በስተቀር ዓመታት ይቆያል፤ ዱቄት ከሆነ ግን እሱም ኖራ ነው። የቡናው አተላ አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል የሚባለው ደግሞ እምብዛም እውነት የለበትም። አሲዱ የሚሄደው ወደ ሲኒው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ወጥቶለት የቀረው አተላ ከገለልተኛ ብዙም የራቀ አይደለም። ስለዚህ አመዱን ያካክስልኛል ብለው ከሆነ አያካክስም። በስሱ ከበተኑት ለትሎቹ ጥሩ ምግብ ነው፤ በወፍራሙ ከደፉት ግን ደርቆ ቅርፊት ይሆንና ውኃ አያሳልፍም፣ እርጥበቱም ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦችን ይጠራል።

ግምቴን ዛሬውኑ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከአራት ቦታ፣ አፈሩን የሸፈኑበት ጉዝጓዝ ካለም ከእሱ ሥር፣ ጥቂት ጥቂት አፈር ያውጡ፣ የእንቁላል ቅርፊት ስብርባሪውን ይልቀሙ፣ ሳህን ላይ አድርገው ኮምጣጤ ያፍስሱበት። አረፋ አውጥቶ ከተንፈቀፈቀ ያልተበላ ኖራ አለበት። ካልተንፈቀፈቀም ፒኤቹ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላልና በዚያ ብቻ አይርኩ፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ። ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ብላክስበርግ ውስጥ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ አለው፤ ማሸጊያውን በአካባቢዎ ካለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ያገኛሉ። አፈር ውስጥ የሚሰካ ርካሽ መለኪያ ግን አይመኑ። በእጄ ካለፉት ብዙዎቹ ደረቅ አፈር ላይ አንድ፣ እርጥብ አፈር ላይ ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጡት።

ውጤቱ ከ7 በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ደቃቅ ድኝ ነው። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት የአፈር ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ሙቀት፣ እርጥበትና ጊዜ ይጠይቃል። ለ8 ካሬ ጫማ ሣጥንዎ በመጀመሪያው ዙር ከ30 ግራም አይለፉ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገው በእኩል ይበትኑት፣ የላይኛውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ በጣትዎ ጫር ጫር ያድርጉ፣ ውኃ ያጠጡ፣ ጉዝጓዙን ይመልሱ። ቆፍረው ቢቀላቅሉት ይፈጥን ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት የተሸመነውን የፈንገስ ድር በአንድ ቀን መበጣጠስ አልወድም። ሁለት ወይም ሦስት ወር ጠብቀው እንደገና ያስመርምሩ። በኮምጣጤ የተንፈቀፈቀ ከሆነ ድኙ መጀመሪያ ኖራውን መጨረስ አለበትና ትዕግሥትዎ ይርዘም።

ተክሉ ግን ሦስት ወር ተርቦ አይጠብቅም። ለዚህ ኬሌት የሚባለውን፣ አፈሩ እንዳይቆልፈው በሌላ ንጥረ ነገር የታቀፈውን ብረት ይግዙ፤ ሆኖም ስሙን አጣርተው ይሁን። ኢዲቲኤ የሚባለው ፒኤች 6.5 ገደማ ሲያልፍ አቅም ያጣል፤ በኖራማ አፈር የሚጸናው ኢዲዲኤችኤ ነው፣ በውኃ ሲበጠበጥ ቀይ ይሆናል። መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብበው አፈሩ ላይ ያጠጡ። ካልሲየም ያንሳል ተብሎ በምርመራው ከመጣ ደግሞ ጂፕሰም ይጠቀሙ፤ ካልሲየሙን ይሰጣል፣ ፒኤቹን ግን አያነሣም።

በየቪዲዮው የሚታየውን የድብልቅ ዝርዝር፣ የኒም ዱቄት፣ የባሕር አረም ዱቄት፣ የሸርጣን ቅርፊት፣ ለአንድ ኪዩቢክ ጫማ ግማሽ ኩባያ የሚሉትን፣ እንዳለ አይቅዱ። ይህን ሳይቆፍሩ በቤት ውስጥ የማልማት ዘዴ ያስፋፉት በአብዛኛው ካናቢስ አብቃዮች ናቸው፤ የእነሱ ተክል ብዙ የሚበላ ነው፣ መጠኑም ለእሱ የተቀመረ ነው። በሶብላ ሲጠግብ ቅጠሉ ይሰፋል እንጂ መዓዛው አይጨምርም። ለእርስዎ ሣጥን በየዙሩ አንድ ሳንቲ ሜትር የትል ኮምፖስት ይበቃል። የማይኮራይዛ (ከተክል ሥር ጋር ተባብሮ የሚኖር ፈንገስ) ዱቄትም ለጎመንዎ ብለው አይግዙ፤ ጎመንና ዘመዶቹ ከዚያ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም። ለጉዝጓዝ ጭድ ሲገዙ አረም ማጥፊያ ያልተረጨበት መሆኑን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ መድኃኒት ጭድ ውስጥ ቆይቶ የቃሪያን ቅጠል ያጠማዝዛል።

አሁን ወደ መብራቱ። የግንዱ መቅጠን ከአመዱ ጋር አይገናኝም፤ ተክሉ ብርሃን ፍለጋ እየተንጠራራ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 1000 የገበያ ስም ነው። ትክክለኛውን ዋት ገመዱ ወይም ትራንስፎርመሩ ላይ ካለው ጽሑፍ ያገኙታል፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ብዙ ጊዜ 100 ዋት አካባቢ ነው የሚስቡት። 100 ዋት ጥሩ ኤልኢዲ በሰከንድ 250 ማይክሮሞል (ተክል የሚጠቀምበት የብርሃን መስፈሪያ፤ ሚሊዮኑ አንድ ሞል ነው) ያህል ብርሃን ይሰጣል። በቅርበት ከተሰቀለ፣ የሚባክነውን ቀንሰን፣ ሣጥንዎ ላይ በካሬ ሜትር በሰከንድ 270 ማይክሮሞል ገደማ ያርፋል። በቀን 16 ሰዓት ቢበራ ድምሩ በካሬ ሜትር 15.5 ሞል ያህል ይሆናል፤ ለበሶብላና ለጎመን መልካም ነው። በ4 ጫማ ከፍታ ግን ብዙው ብርሃን ግድግዳውንና ወለሉን ነው የሚያበራው።

ስለዚህ አዲስ መብራት ከመግዛትዎ በፊት ያለውን ያውርዱት። በየሦስት ቀኑ 15 ሳንቲ ሜትር እያሉ ከተክሉ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ። በአንድ ቀን ካወረዱት ጥላ የለመደው ቅጠል ይነጣል። በስልክዎ የብርሃን መለኪያ ጭነው በተክሉ ጫፍ ላይ ይለኩ፤ ነጭ ኤልኢዲ ስለሆነ የሉክሱን ቁጥር ለ70 ሲያካፍሉ ተቀራራቢውን የማይክሮሞል ቁጥር ያገኛሉ። 20,000 ሉክስ ማለት ወደ 285 ነው። ወጪውን ካሰቡ፣ 100 ዋት በቀን 16 ሰዓት በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቃሪያው ግን በዚህ ብርሃን ቅጠል እንጂ ብዙ ፍሬ አይሰጥዎትም። ፍሬ ከፈለጉ በቀን ከ20 ሞል በላይ ይሻል፤ ለዚህ ስፋት እውነተኛ ከ150 እስከ 200 ዋት ቢሆን ይመረጣል። በእኔ በኩል ቃሪያውን በግንቦት ወደ ውጭ አውጥቼ ሣጥኑን ለበሶብላው ብለቅለት እመርጣለሁ።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር ልጨምር። ሣጥኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ሥሩ በርዶት ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹ ትልልቅ አምፖሎች ክፍሉን ያሞቁ ነበር፤ ኤልኢዲ ግን ብዙም አያሞቅም። የአፈሩን ሙቀት በኩሽና ቴርሞሜትር ይለኩ። ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ በሶብላ ብረት የመውሰድ አቅሙ ይደክማል፣ ድኙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም ያንቀላፋሉ። ከሣጥኑ ሥር ወፍራም የፎም ሰሌዳ ማንጠፍ ብቻ ለውጥ ያመጣል።

ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ከጓዳዎ አንድ እፍኝ አብሽ ይዝሩ። በጥቂት ቀን ይበቅላል፣ አፈሩን ይሸፍናል፤ ሊያብብ ሲል ከላይ ቆርጠው እዚያው ይጣሉት። ናይትሮጅን ከአየር እንዲይዝ የራሱ ባክቴሪያ ያስፈልገዋል፣ የከረጢት አፈር ውስጥ ደግሞ ላይኖር ይችላል። አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ፤ ቋጠሮ ካለበትና ሲሰነጥቁት ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው።

ብረቱን ካጠጡ በኋላ የሚመለከቱት አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ነው። አሁን ቢጫ የሆነው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጫፉ የሚወጣው ለጋ አረንጓዴ ካልሆነ የምርመራውን ወረቀት ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።