አገር ቤት ስትሄዱ ዛንዚባርን ለምታስቡ

የደሴት ዕረፍት ሲታሰብ ብዙዎቻችን ካሪቢያንን ወይም ሃዋይን እናያለን። በዚያው ዓመት አገር ቤትም የምትሄዱ ከሆነ ግን ሁለት ጉዞ አታድርጉት። ከአዲስ አበባ የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርበታል። ትልቁን የትኬት ወጪ ለአገር ቤት ብላችሁ ከፍላችኋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሰው ሆቴሉን በፎቶ መርጦ ይከፍልና ወሩንና ወረቀቱን በኋላ ያስባል።

ከወሩ እንጀምር። እኛ ጋ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ዘግተው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ፣ ዛንዚባር ፀሐይና ነፋስ ነው። ለገናና ለጥምቀት የምትሄዱም ዕድለኞች ናችሁ፤ ጥርና የካቲት ይሞቃል እንጂ ዝናቡ ብዙ አይደለም። በፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ሰሞን ግን የሆቴል ዋጋ ስለሚሰቀል፣ ከጥምቀት በኋላ መሻገር ያዋጣል። ፋሲካን አገር ቤት ውሎ ወደዚያ መሄድን አልመክርም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማሲካ የሚሉት ከባድ ዝናብ ይጥላል፤ አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ። በጣም የረከሰ ዋጋ ካያችሁ መጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ። የረመዳንንም ቀን እዩ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በጾሙ ቀን ከሆቴል ውጭ ብዙ ምግብ ቤት አይከፈትም፣ መንገድ ላይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው።

ዛንዚባርን በጉዞው መጀመሪያ ላድርገው ወይስ መጨረሻ? እኔ መጨረሻ እላለሁ። እናታችሁ ዶሮ አሠርታ እየጠበቀች፣ እናንተ ባሕር ዳር ተጋድማችሁ የተነሣችሁት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ከወጣ፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል። ሌላም ምክንያት አለ። የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ሳይኖራችሁ፣ ለአንድ ጊዜ መግቢያ በሚሰጥ ቪዛ ከገባችሁ፣ ወደ ዛንዚባር ስትወጡ ያ ቪዛ አበቃ ማለት ነው። ተመልሳችሁ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ቦሌ አውሮፕላን ብቻ ቀይራችሁ ወደምትኖሩበት ታልፋላችሁ። ትኬቱንም በአንድ ላይ ግዙት፤ አንዱ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጣችሁ የአየር መንገዱ ጣጣ ይሆናል።

የዚህ መንገድ እንቅፋቱ የበርበሬው ሻንጣ ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቅቤው ሁሉ አብሯችሁ ወደ ደሴቱ ይሄዳል። ታንዛኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ከውጭ ይዞ መግባትም አይቻልም። በፌስታል የተቋጠረውን ሁሉ አየር ማረፊያ ላይ ሊያስፈቷችሁ ነው። ቅቤው በዚያ ሙቀት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ። መታወቂያው ያላችሁ ዕቃውን ቤተሰብ ጋ አስቀምጣችሁ፣ ስትመለሱ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድራችሁ ውሰዱት። የሌላችሁ ቀድሞ በሚመለስ ዘመድ ላኩት።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ ዋናው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ይገኝባቸዋል ከሚባሉት አገሮች ውስጥ ስላለች፣ ከእኛ ዘንድ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል። አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየ መንገደኛም እንዲሁ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አሜሪካ ውስጥ ክትባቱ ውድ ነው፣ በሁሉም ክሊኒክ አይገኝም፤ ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። እናት ወይም አባትን ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነ ክትባቱን ከመውሰዳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ስለ ወባ መድኃኒትም ያኔውኑ ጠይቁ። እናንተ አዲስ አበባ ያደጋችሁ ከሆነ ድሮም ወባን አልለመዳችሁትም።

ቪዛው በኢንተርኔት ይወጣል። የአሜሪካ ፓስፖርት 100 ዶላር ይከፍላል፣ አብዛኛው ሌላ አገር 50። መንግሥታዊ የሚመስሉ አስመሳይ ድረ ገጾች ስላሉ በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ገጽ ብቻ አመልክቱ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄዱት ወላጆች መመሪያው ከእናንተ ሊለይ ስለሚችል ለብቻው ተመልከቱላቸው፣ ጊዜም ስጡት። ዛንዚባር ለብቻዋ የምትጠይቀው የጉዞ ኢንሹራንስም አለ። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ግዴታ ነው፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ከምትኖሩበት አገር የገዛችሁት ኢንሹራንስ ይህን አይተካም።

አሁን ባሕሩ። ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ ስለዚህ የምታርፉበት ዳርቻ የሆቴሉን ኮከብ ያህል ያሳስባችሁ። በምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውኃው ጥልቀት የለውም። ሲሸሽ ግን በጣም ርቆ ይሸሻል፤ ጠዋት ደጃችሁ የነበረው ባሕር ከሰዓት በኋላ ሩቅ ይታያችኋል። ያኔ ሴቶቹ የባሕር ሣር የሚያለሙበትን እርሻ በእግር ሄዳችሁ ታያላችሁ። ለትንንሽ ልጆች ይህ ወገን ይመቻል፤ መሬቱ ላይ እሾሃም የባሕር ፍጥረት ስላለ የውኃ ጫማ አድርጉላቸው። ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ መሆን የሚፈልግ ሰው ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሂድ፤ እዚያ ባሕሩ ብዙ አይርቅም። በጀልባ ስትወጡ ላይፍ ጃኬት ካልሰጧችሁ አትሳፈሩ። ፀሐዩም ጥቁር ቆዳን ያቃጥላል፣ ቅባቱን አትናቁ።

ስቶን ታውንን አንድ ሌሊት ሳታድሩበት አትለፉ። በዩኔስኮ የተመዘገበ አሮጌ ከተማ ነው፤ የተቀረጹት በሮቹ ብቻ ግማሽ ቀን ይወስዳሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ የባሕር ልብስ ለባሕር ዳርቻው ይቆይ። ጥሬ ገንዘብም እዚያው አውጡ፤ ወደ መንደሮቹ ስትወጡ ኤቲኤም ይቀንሳል። ማታ ፎሮድሃኒ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይሸጣል፣ ሳትበሉ ዋጋ ተስማሙ።

በፍልሰታ የምትሄዱ ጿሚዎች አትራቡም። በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከቻፓቲ ጋር በየቦታው አለ፣ ጎመን መሰል አትክልትም በዚያው በኮኮናት ይሠራል። ኡሮጆ የሚሉት ቢጫ ሾርባ ግን እንቁላልና ሥጋ ሊገባበት ስለሚችል፣ ሲቀዱላችሁ ሳይሆን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።