ግንባሬ ላይ ያለው መስቀል ከቁርባን ይከለክለኛል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የኩታበር ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ግንባሬ ላይ መስቀል አለ፤ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አክስቴ ናት የነቀሰችኝ። ቅንድቦቼ ጫፍ ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ብጣት አለ፤ ሕፃን ሳለሁ ዓይኔን ሲያመኝ የተበጣሁት ነው አሉ። ጉንጬ ላይ ማርያም የሳመችኝ ምልክትም አለኝ። ጓደኛዬ ዘሌዋውያንን ጠቅሳ «ንቅሳትሽን ሳታስጠፊ እንዳትቆርቢ» አለችኝ። ይባስ ብሎ የእጮኛዬ እናት «ግንባሯ ገድ የለውም» ብላለች አሉ። ላስጠፋው? እናቴስ ስላስበጣችኝ ንስሐ መግባት አለባት?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከጓደኛሽ ጥቅስ ልነሣ። ዘሌዋውያን 19፥28 «ገላችሁን አትንቀሱት» ማለቱ እውነት ነው። ጓደኛሽ ግን ግማሹን ነው ያነበበችልሽ። ቃሉ የሚጀምረው ስለ ሞተ ሰው ሥጋችሁን አትንጩ ብሎ ነው። በእስራኤል ዙሪያ የነበሩ አሕዛብ ለሙታናቸውና ለጣዖቶቻቸው ሲሉ ገላቸውን ይቆርጡ ነበር፤ የበአል ነቢያት በቀርሜሎስ ተራራ ደማቸው እስኪፈስ ያደረጉትን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ታገኚዋለሽ። ሕጉ የተሰጠው ከዚያ እንዲለዩ ነው።

እንግዲህ በዚህ ቃል እንወቀስ ከተባለ፣ እኛ ወሎዬዎች ከንቅሳቱ በፊት በለቅሶው ነው የምንወቀሰው። ልጅ ሆኜ አንዲት ዘመዳችን የወንድሟን መርዶ ስትረዳ አይቻለሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከጆሮ ግንዷ እስከ ጉንጯ ድረስ ፊቷን በጥፍሯ ሳበችው። ቆዳው ተላጠ። ማታ እናቴ ቅቤ አቅልጣ በጥጥ ስትቀባላት ፋኖሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ጥፍሯ ሥር ደም ደርቆ ነበር። ቁስሉ ዳነ፣ መስመሩ ግን እስክትሞት አብሯት ኖረ፤ ጠቆር ያለ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጭ። የአገሩ ሰው «ወንድሟን የምትወድ» እያለ ያመሰግናት ነበር። ያልነጨችውማ ትታማለች! ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ያለን ይህን ነው። አታልቅሱ አላለም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፤ ፊቱን ግን አልነጨም። ጓደኛሽ ያቺን ጥቅስ የምትወዳት ከሆነ ለቅሶ ቤት ይዛት ትሂድ።

የአንቺ መስቀል ለሙት የተቆረጠ አይደለም። ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ጥላሸት በመርፌ ቆዳሽ ውስጥ ሲገባ ማን ጠየቀሽ? የነቀሱንም ሰዎች «ልጄ የክርስቶስ ናት» ለማለት ነው ያደረጉት። የግብፅ ክርስቲያኖችም ዛሬ ድረስ የእጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ተነቀሱ ብላ አላዘዘችም። የእርሷ ማኅተም ሌላ ነው፤ በሰማንያ ቀንሽ ስትጠመቂ ካህኑ ከግንባርሽ ጀምሮ 36 ቦታ ላይ በሜሮን አትሞሻል። ያ ማኅተም ለዓይን አይታይም፤ የቱም ሌዘር አያነሣውም። በደመራ ጊዜ አመዱን በግንባራችን መስቀል አድርገን እንቀባ የለ? ማታ ፊታችንን ስንታጠብ ይሄዳል፤ ታጥቦ ሄደ ብሎ ክርስትናው የጎደለበት ሰው ግን አላየሁም። የንቅሳቱም ነገር እንደዚያው ነው፤ ቢኖር አይጨምርልሽም፣ ቢጠፋም አይቀንስብሽም። ስለዚህ ተዘጋጅተሽ፣ ንስሐ አባትሽን አማክረሽ ቁረቢ። ከቁርባን የሚከለክል ንቅሳት የለም።

ላስጠፋው ላልሽው፣ ከፈለግሽ ኃጢአት የለበትም። ግን ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። በሌዘር የሚደረገው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል፤ የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ ካልተጠነቀቁ ነጣ ያለ ቦታ ወይም ጠባሳ ይተዋል። በአሲድና በቅጠል አጠፋለሁ የሚልሽን አትስሚ። ለልጆችሽ ግን አዲስ ንቅሳት አታስነቅሺ፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ አብሮ እንደሚሄድ ዛሬ እናውቃለን። አያቶቻችን አያውቁም ነበር።

የቅንድብሽ ብጣትም እንዲሁ ነው። እናትሽ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ሌሊቱን ስታለቅሺ አድረሽ፣ ጤና ጣቢያ ሩቅ ሲሆንባት የምታውቀውን አደረገች። ለዚህ ምን ንስሐ አለው? ስለ ፍቅሯ አመስግኛት። ብጣቱ ግን ዓይን አያድንም። የክልላችን ክፉ የዓይን በሽታ ትራኮማ የሚመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ፊትን አዘውትሮ መታጠብና መድኃኒት እንጂ ምላጭ አያቆመውም። የሕፃን ቆዳ በዛገ ምላጭ ሲከፈት ቴታነስም አለ። ይህን አውቆ ዛሬ ልጁን የሚያስበጣ ሰው ነው እንግዲህ የሚጠየቀው።

ማርያም የሳመችሽን ለምን እንዳነሣሽው አልገባኝም፤ እሷ ላይ ማን ምን ይላል? የቆዳ ቀለም ወይም የደም ሥር በማኅፀን ሳለ አንድ ቦታ ሲበዛ የሚፈጠር ነው። ሕዝባችን እንከን ከማለት ይልቅ የእመቤታችን መሳም ማለቱ ቸርነቱ ነው፤ እኔ ደስ ይለኛል። ትምህርተ ሃይማኖት አታድርጊው እንጂ። ቅርጿ ከተለወጠ ወይም ከደማ ለሐኪም አሳዪ።

የግንባሩን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። «ግንባሯ ነው» ስንል ዕጣዋ ነው ማለታችን ነው፤ የግንባር መስመር ቆጥሮ ዕድሜና ትዳር የሚናገር ጠንቋይም አይጠፋም። የግንባር መስመር ቅንድብን የሚያነሣው ጡንቻ ቆዳውን ሲያጥፍ ሲያጥፈው የሚቀር እጥፋት ነው። ዕድሜ ያጠልቀዋል፣ ፀሐይ ታፋጥነዋለች። የገበሬን የዓይን ጥግ እዪው፤ ፀሐይ ላይ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ የኖረበት ነው። ጠንቋዩ ከዚያ ሊያነብ የሚችለው ሰውየው ስንት ኅዳር እንዳጨደ ብቻ ነው። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ የእሴይን የበኩር ልጅ ቁመትና መልክ አይቶ «ይህ ነው» ብሎ ነበር፤ «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ተባለ። ነቢይ የተሳሳተበትን ፊት አማትሽ አንብባ ልትጨርሰው ነው?

ደግሞ «አሉ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ ከአፏ አልሰማሽም። ወሬ አመላላሽ በሠርግ ሰሞን ይበዛል። በእርግጥ ተናግራ ከሆነ አንቺ አትጋፈጫት፤ ለእጮኛሽ ንገሪው፣ እሱ የቤታቸውን ንስሐ አባት ይዞ ያነጋግራት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ይሁን።