ዌስኖዝ ለጀማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ

«ባትል ፎር ዌስኖዝ» ዴቪድ ዋይት በ2003 ያወጣው፣ ተራ በተራ የሚጫወቱት ነፃ የምናብ ዓለም የጦርነት ጌም ነው። ከታች ያሉት ጀማሪዎች የጠየቋቸው ናቸው። ቁጥሮቹ ከስሪት ስሪት ትንሽ ሊለያዩ ስለሚችሉ የወታደሩን መግለጫ ስክሪናችሁ ላይ እያያችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የጫንኩት። ዘመቻዎቹ ብዙ ናቸው፤ ከየትኛው ልጀምር?

መለማመጃውን ሳትዘል ጨርስ። ቀጥሎ «ኤ ቴል ኦፍ ቱ ብራዘርስ»ን ያዝ፤ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው። ከዚያ «ዘ ሳውዝ ጋርድ»። «ኤር ቱ ዘ ትሮን» ስሙ ስለገነነ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ረጅም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያባከንከው ወታደርና ወርቅ ዋጋውን የሚያስከፍልህ ብዙ ምዕራፍ ቆይቶ ነው። ለጊዜው ተወው።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ በቀላሉ የማሸንፋቸው ኦርኮች (ጭራቅ መሰሎቹ ጠላቶች) ሌሊት ይጨርሱኛል። ሠራዊቱ ያው አይደለም እንዴ?

ሠራዊቱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። በጌሙ አንድ ቀን ስድስት ተራ አለው፦ ንጋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ከዚያ ሁለት የሌሊት ተራ። ሎውፉል የሚባሉት፣ ማለትም አብዛኞቹ የሰው ወታደሮች፣ ጠዋትና ከሰዓት ጉዳታቸው በ25 በመቶ ይጨምራል፤ ሌሊት በዚያው መጠን ይቀንሳል። ኬኦቲክ የሆኑት ኦርኮችና ሙታን ተቃራኒ ናቸው። ንጋትና ምሽት ለሁለቱም አያደሉም።

በቁጥር እንየው። ስፒርማን (ጦር የያዘው የሰው ወታደር) በ7 ጉዳት ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ የኦርኩ ተራ ወታደር ግረንት በ9 ጉዳት ሁለት ጊዜ ይመታል። ጠዋት ያንተ 9፣ የእሱ 7 ይሆናል፤ ምቱ ሁሉ ቢያርፍ 27 ለ14። ሌሊት ያንተ ወደ 5 ይወርዳል፣ የእሱ ወደ 11 ይወጣል፤ 15 ለ22። ስፒርማን 14 ወርቅ፣ ግረንት 12 ወርቅ ስለሆነ ሌሊት የምትገጥም ከሆነ ውዱን በርካሹ እየለወጥክ ነው።

ጀማሪን የሚጥለው ግን ውጊያው ሳይሆን ጉዞው ነው። የቀጠርከው ወታደር በዚያው ተራ አይንቀሳቀስም። ስፒርማን በሜዳ ላይ በአንድ ተራ አምስት ቤት (የካርታው ባለስድስት ጎን ክፍል) ይሄዳል። ጠላት 20 ቤት ርቆ ጨዋታው ንጋት ላይ ከተጀመረ፣ በሁለተኛው ተራ ተነስተህ ያለ እረፍት ስትገሰግስ የምትደርሰው በአምስተኛው ተራ ነው። አምስተኛው ተራ የመጀመሪያው ሌሊት ነው! ስለዚህ መንገድ ላይ ጥሩ ቦታ ይዘህ ሌሊቱን አሳልፍ፣ በሰባተኛው ተራ ንጋት ላይ ተጠጋ፣ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ምታ፣ ሲመሽ ወደኋላ በል። ጌሙ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሦስቴ ሰንዝሬ ሦስቴ ሳትኩ። ጌሙ ያጭበረብራል?

አያጭበረብርም፤ መሬቱን ሳታይ ነው የመታኸው። የመሳት ዕድል የሚወሰነው ተመቺው በቆመበት መሬት ነው። ግረንት ሜዳ ላይ 40 በመቶ መከላከያ (የመሳት ዕድል) አለው፣ ተራራ ላይ 60። ተራራ ላይ ላለው ሦስቱም ምት የመሳቱ ዕድል 21.6 በመቶ ነው፤ ከአምስት ጊዜ አንዴ ማለት ይቻላል። ሜዳ ላይ ላለው 6.4 በመቶ ብቻ። ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው መከላከያው 20 በመቶ ስለሆነ ሦስቱንም መሳት ብርቅ ነው።

እንግዲህ ወንዝ ካለ ዳር ላይ ቁምና ጠላት ውኃ ውስጥ ገብቶ ይምጣልህ። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ይገባልሃል፤ ትዕግሥት የለውም። ተራራ ወይም ምሽግ የያዘውን ጠላት ደግሞ ለሜጅ (ለአስማተኛው) ስጠው፤ አስማቱ መሬት ሳይመርጥ 70 በመቶ ይመታል። ከመምታትህ በፊት የጥቃት መስኮቱ ላይ ያለውን የጉዳት ስሌት ቁልፍ ተጫን፤ የመሞትም የመግደልም ዕድሉን ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ ሜጆቼ ቶሎ ይሞታሉ፣ ሌቭል (ደረጃ) አንዴም አይወጡም። ምን ላድርግ?

ሜጅ ሕይወቱ 24 ነው። ሌሊት ግረንት በሁለት ምት 22 ያወርድበታል፤ ሁለተኛ ግረንት ከደረሰበት አለቀለት። ስለዚህ ሜጁ መትቶ የሚቀርበት ቦታ በሚቀጥለው የጠላት ተራ ከአንድ በላይ ጠላት የማይደርስበት መሆኑን ቁጠሪ። ግረንት የሩቅ መሣሪያ ስለሌለው ሜጁ ሲመታው አጸፋ አይመልስም፤ አደጋው የሚመጣው ጠላት ተራው ሲደርስ ነው።

ልምድ በዋናነት የሚገኘው ከመግደል ነው። ሌቭል 1 ጠላት ጋር መፋለም 1 ነጥብ ይሰጣል፣ መግደሉ 8። ሌቭል 2 መግደል 16፣ ሌቭል 0 መግደል 4። ስፒርማኖቹ ያቁስሉ፣ የመጨረሻዋን ምት ለሜጁ ተዪለት። ሌቭል ሲወጣ ሕይወቱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሌቭል ለመውጣት ሁለት ነጥብ የቀረው ቁስለኛ ካለሽ ሌቭል 2 ጠላትን አንዴ ቢገጥምና ቢተርፍ እንኳ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ፊት ያሉትን አልፈው ከኋላ ያሉትን ይይዙብኛል። መስመሩን ሙሉ ለሙሉ መድፈን አለብኝ?

አያስፈልግም። ሌቭል 1ና ከዚያ በላይ የሆነ ወታደር ሁሉ በዙሪያው ያሉትን ስድስት ቤቶች ይቆጣጠራል፤ ጠላት እዚያ ሲገባ የቀረው እርምጃ ዜሮ ይሆናል። በሁለት ወታደሮች መሃል ሁለት ባዶ ቤት ቢኖርም መስመሩ አይታለፍም። ሦስት ካደረስከው መሃሉ ክፍት ነው።

ሦስት ነገር ያፈርሰዋል። ሌቭል 0 ወታደር አይቆጣጠርም፤ ገበሬ ቢያቆሙ በጎኑ ያልፉታል። ስከርሚሸር የሚል ችሎታ ያለው ማንንም አይቆጥርም። ሦስተኛው የባሰ ነው፦ አንዱ ወታደርህ ከተገደለ የያዘው ቦታ ወዲያው ይከፈታል፣ የቀሩት በዚያው ተራ ይጎርፋሉ። ስለዚህ የሳሳ መስመር ለቀን፣ የተጠጋጋው ለሌሊት።

ጥያቄ፦ ወርቄ ለምን ቶሎ ያልቃል?

በዘመቻ ብዙውን ጊዜ መሠረታዊ ገቢው 2 ነው፤ በእያንዳንዱ መንደር 1 ይጨመራል። ወታደር በሌቭሉ ልክ ቀለብ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መንደር የአንድ ሌቭል ቀለብ ይሸፍናል። አዛዡና ሎያል (ታማኝ) የተባሉት አይከፈልባቸውም። አምስት መንደርና ስምንት ሌቭል 1 ወታደር ካለህ ገቢህ 7፣ ቀለቡ 3፣ የሚተርፍህ 4 ነው። አንድ መንደር ብትነጠቅ ወደ 2 ይወርዳል፤ መንደሩ ሁለቴ ነው የጎዳህ። የጠላትን መንደር አንድ ፈረሰኛ ልኮ መንጠቅ የሚያዋጣውም ለዚሁ ነው።

ከቀድሞ ምዕራፍ የተረፈ ወታደር ማስጠራት 20 ወርቅ ነው። ሌቭል 2 ወይም 3 ከሆነ ጥሩ ግዢ ነው። ሌቭል 1 ስፒርማን ግን ሌቭል ሊወጣ ካልተቃረበ በስተቀር አዲስ ቅጠር።

ጥያቄ፦ አጽሞቹን ስፒርማን አይጎዳቸውም።

አጽም የሚወጋ መሣሪያን 60 በመቶ፣ የሚቆርጠውን 40 በመቶ ይቋቋማል። የስፒርማን 7 ጉዳት 3 ብቻ ይሆናል። በሚደቁስ መሣሪያና በእሳት ግን 20 በመቶ ጨምሮ ይጎዳል፦ ሄቪ ኢንፋንትሪ (ከባድ እግረኛ) እና ሜጅ አምጣ። ሄቪ ኢንፋንትሪ አራት ቤት ብቻ ስለሚሄድ ቀድመህ ቅጠረው።

ጥያቄ፦ ቁስለኛን የት ላሳርፍ?

መንደር በየተራው 8 ሕይወት ይመልሳል፤ ፈዋሹ ዋይት ሜጅ አጠገብ መቆምም 8። ሁለቱ አይደመሩም፣ ስለዚህ ሁለቱን ለአንድ ሰው አታባክን። ሳይንቀሳቀስና ሳይዋጋ ያረፈ 2 ይጨመርለታል፤ ይሄኛው ይደመራል። የተመረዘ ግን በየተራው 8 ያጣል፤ መንደር ሲገባ የመጀመሪያው ተራ መርዙን ብቻ ያጠፋል፣ ሕይወት መጨመር የሚጀምረው በቀጣዩ ነው።

ጥያቄ፦ የተሳሳተ እርምጃ መመለስ ይቻላል?

የዩ (U) ቁልፍን ተጫን። ግን ከተዋጋህ፣ ወታደር ከቀጠርክ ወይም ጉም (የማይታይህን ቦታ የሚሸፍነውን) ገልጠህ አዲስ ነገር ካየህ አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተል ያዝ፦ መጀመሪያ ጉም የሚገልጠውን ቃኚ አንቀሳቅስ፣ ከዚያ ሌላውን። ተራህን ከመጨረስህ በፊት ኮንትሮልና ቪን አብረህ ጫን፤ ጠላት በሚቀጥለው ተራ የሚደርስባቸው ቤቶች ይታዩሃል። ሜጅህ ከእነዚያ ቤቶች አጠገብ ከቆመ አሁኑኑ አንሳው።