ውሃ የሚተኛበት ግቢ ይስማማታል፦ ስለ ነጭ ካላ ሊሊ ጥያቄና መልስ

ነጭ ካላ ሊሊን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሠርግ ላይ አለች፣ ለቅሶ ላይ አለች፣ በድሮ ሰፈሮች ደግሞ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሥር አለች። ስለ እሷ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ካላ የረግረግ ተክል ናት። ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ጥያቄ በራሱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በፖት የገዛኋት ነጭ ካላ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ይወድቃል። ሻጩ በሳምንት አንዴ አጠጪ ብሎኝ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ በሳምንት አንዴ ለእሬት ይሆናል፤ ለካላ አይበቃም። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የፎቅ በረንዳ ፀሐይና ነፋስ ተባብረው ፖቱን ቶሎ ያደርቁታል። አፈሩን በጣትሽ ንኪው፤ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። ፖቱ ሥር ሳህን አድርጊና ውሃ ይቁምበት። ለሌላ አበባ ይህን አልመክርም፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ከታች ያለ አንድ ያረጀ ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን አትጨነቂ፣ ቆርጠሽ ጣይው።

ጥያቄ፦ ሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ «ኤትዮፒካ» የሚል አለ። የእኛ ናት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለችም። ሀገሯ ደቡብ አፍሪካ፣ ሌሶቶና ኤስዋቲኒ ነው። ስሙን የሰጣት ስዊድናዊው የተክል ሊቅ ሊኒየስ ነው፣ በ1753 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ያኔ አውሮፓውያን ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ በጅምላ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር። ዘመዶቿ ግን እኛ ዘንድ አሉ፤ ጎደሬ የዚችው ቤተሰብ አባል ነው።

ጥያቄ፦ የቀበና ልጅ ነኝ። ግቢያችን ተዳፋት ሥር ስለሆነ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ጽጌረዳ ተከልን ሞተ፣ ሌላም ተከልን ሞተ። ካላ ትችለዋለች?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! እንዲህ ያለ ቦታ ይስማማታል። በሀገሯ የምትበቅለው በጅረት ዳር፣ በኩሬ ጠርዝና ክረምት ላይ በሚረግረግ ሜዳ ነው። ጽጌረዳው የሞተው ውሃ ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሞላው አፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሩ ታፍኖ ነው። የረግረግ ተክሎች ግን በአካላቸው ውስጥ ክፍት ቦታዎች አሏቸው፣ አየር ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው በዚያ ነው፤ ስለዚህ ካላ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ እንኳ ቆማ ታድጋለች።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። በኬፕታውን አካባቢ ዝናብ የሚጥለው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ ከእኛ ክረምት ጋር ብዙ ይቀራረባል። እዚያ ረግረጉ በበጋ ሲደርቅ ቅጠሏን ጥላ፣ አፈር ውስጥ አግድም በሚሄደው ወፍራም ግንዷ ውስጥ ምግብ ይዛ ትተኛለች። ውሃ ዓመቱን ሙሉ ካገኘች ግን አትተኛም። ስለዚህ የእናንተ ግቢ ጥር ላይ ደርቆ ቅጠሏ ቢጠፋ ሞተች ብላችሁ እንዳትነቅሏት። ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉበት፣ ዝናብ ሲመጣ ትወጣለች። በጣም ጥላ የሆነ ጥግ ላይ ብቻ አትትከሏት፤ ቅጠል በቅጠል ትሆናለች፣ አበባ ግን ትነፍጋችኋለች።

ጥያቄ፦ ነጩ ነገር አበባው ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። አበቦቹ መሃል በቆመው ቢጫ ዘንግ ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩት በጣም ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ከላይ ወንዶቹ፣ ከታች ሴቶቹ። ሴቶቹ ቀድመው ስለሚደርሱ ተክሏ በራሷ ብናኝ ቶሎ አትዳቀልም። ብናኙን የሚያመላልሱት ንቦችና የሚሳቡ ነፍሳት ናቸው። ንጣቱም ከቀለም የመጣ አይደለም፤ ከቆዳው ሥር ብዙ ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች ስላሉ ብርሃኑን ሲመልሱት ነጭ ሆኖ ይታየናል። ስታብብ ቆይታ ያ ነጭ ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን ካያችሁ፣ ውስጡ ፍሬ እየበሰለ ነው። ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል፣ ወፎች ይበሉትና ዘሩን ይበትኑታል። እኔ ለቤት የሚሆነውን ብቻ ቆርጣችሁ ጥቂቱን እዚያው ተዉት እላለሁ፤ ይህን ሁሉ ማየት ያስደስታል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ጤዛ ነው?

መልስ፦ ጤዛ ሌላውንም ቅጠል ያረጥባል። ይሄ ከራሷ የሚወጣ ነው። ሌሊት ሥሯ ውሃ መሳቡን ሲቀጥል ትርፉን በቅጠሏ ጫፍ ታወጣዋለች። ጤነኛ ናት።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ። መርዝ ነው ሲሉኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ ልጁ እንዳያኝካት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጎደሬ ሳይበስል ቢቀመስ ምላስና ጉሮሮ እንደሚያሳክከው ማለት ነው፤ ሁለቱም ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። አፍ ያቃጥላል፣ ከንፈርና ምላስ ያሳብጣል። ልጁ ካኘካት አፉን በውሃ አጥቢው፤ ካበጠ ወይም መተንፈስና መዋጥ ካስቸገረው ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰጂው። ለውሾችና ለድመቶችም ያው ነው። ልጁ እስኪያድግ ድረስ ከአጥር ውጭ ወይም እጁ የማይደርስበት ቦታ ትሁን።

ጥያቄ፦ ሮዝና ቢጫዎቹን በዚሁ በረግረጉ ዘዴ ተክዬ በሰበሱብኝ።

መልስ፦ እነሱ ሌላ ዝርያዎች ናቸው፣ እህትማማቾች እንጂ አንድ አይደሉም። ድንች የመሰለ ሥር ነው ያላቸው፤ ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋሉ፣ ቅጠላቸው ሲረግፍም ደረቅ ማረፊያ ጊዜ ይፈልጋሉ። እርጥብ ላይ ከቆዩ ባክቴሪያ ገብቶ ያበሰብሳቸዋል። ነጯን ብቻ ረግረግ ላይ ትከሉ።

ጥያቄ፦ ተትረፍርፋብናለች። ትርፏን ወንዝ ዳር ብንተክላት ሰፈሩን አያሳምርም?

መልስ፦ ሐሳባችሁ መልካም ነው፣ ግን እባካችሁ ተዉት። በምዕራብ አውስትራሊያና በኒውዚላንድ ከግቢ አምልጣ እርጥብ መሬቱን ወርራለች፤ የሀገሩን ተክል አፍናለች፣ ከብትም በደንብ አይበላትም። በትውልድ ሀገሯ ጃርት ሥሯን ቆፍሮ ይበላል፣ ልክ የሚያስይዛት አለ። ወንዝ ደግሞ የተቆረሰ ሥር ይዞ ቁልቁል ይወስዳል። ትርፉን ለጎረቤት ስጡ፣ የቀረውን ሥር አድርቃችሁ ጣሉት።

ጥያቄ፦ ለጎረቤት ለመስጠት ተክሏ መቼ ነው የምትከፋፈለው?

መልስ፦ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ። ዙሪያውን ቆፍራችሁ ሥሩን አውጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ ቡቃያ ይኑረው። ጓንት አድርጉ፣ ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል።