ደሞዝ ወይስ ቻርት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ትሬድ (በስልክና በኮምፒውተር የዋጋ መውጣትና መውረድ ላይ መነገድ) ላድርግ? ጥቂቶቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ስድስት ወር ሙሉ በፎሬክስ (በውጭ ገንዘቦች ንግድ) እና በወርቅ አትራፊ ነኝ፤ ባለፈው ወርማ የደሞዜን እጥፍ አገኘሁ። ልልቀቅ?

እንኳን ደስ ያለህ። ስድስት ወር አካውንት ሳይቃጠል (ያስገባኸው ገንዘብ ሳያልቅ) መክረም ቀላል አይደለም። ግን አካውንትህ ስንት ነው? እሱን ዘለልከው። 500 ዶላር ነው እንበል። ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛና ለቤተሰብ በወር 200 ዶላር ብታወጣ 40 በመቶ ማትረፍ አለብህ፣ ያውም በየወሩ። ይህን ለማምጣት ሎት (በአንድ ጊዜ የምትነግደውን መጠን) ማግዘፍ ግድ ይላል፤ ሎት ያገዘፈን ሰው ለመጣል ደግሞ ዋጋ የሚያናጋ ዜና የሚወጣበት አንድ ቀን ይበቃል። ግማሹ ከሄደብህ ወደነበርክበት ለመመለስ 50 ሳይሆን 100 በመቶ ነው የሚፈለግብህ፣ አከራይህ ደግሞ እስክትመለስ አይጠብቅም።

ደግሞስ ምን ዓይነት ስድስት ወር ነበር? ወርቅ ሽቅብ ሲወጣ «ባይ» (ግዛ) የሚለውን የተጫነ ሁሉ አትርፏል። የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ ኢስማ በ2018 እ.ኤ.አ. ለግለሰቦች ሌቨሬጅን (ካስያዙት ገንዘብ በላይ መነገድን) በዋና ዋና ገንዘቦች 1 ለ 30 ላይ፣ ማለትም በአንድ ዶላር የ30 ዶላር ንግድ ላይ የገደበው ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆነው አካውንት እንደሚከስር ስላየ ነው። ያንተ ብሮከር (ንግዱን የሚያገናኝህ ድርጅት) 1 ለ 500 የሚሰጥህ ስለሚወድህ አይደለም።

እኔ ብሆን አልለቅም። የለንደን ገበያ ሲከፈት በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ነህ፣ እሺ። ኒውዮርክ ግን 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከሥራ ወጥተህ፣ ጋቢህን ደርበህ ትደርስበታለህ። በደሞዝህ እየኖርክ ትርፉን እያወጣህ አስቀምጥ። የአንድ ዓመት ወጪህን የሚችል ገንዘብ ከተጠራቀመ በኋላ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ባንክ ውስጥ ነኝ። የሠራተኛ ብድር ወስጄ ካፒታል ላድርገውና ልውጣ?

አይሆንም። የሠራተኛ ብድር ወለዱ ዝቅ ያለው ሠራተኛ ስለሆንክ ነው፤ ስትለቅ ምን እንደሚሆን ውሉን አውጥተህ አንብበው። አሠሪህ ለጡረታህ የሚያዋጣልህ 11 በመቶም በዚያው ይቆማል። በዚያ ላይ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የውጭ ምንዛሬ ወደ ውጭ ማውጣት ክልክል መሆኑን ለባንክ ሰው መንገር አይጠበቅብኝም።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነን። ባለቤቴ መምህር ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርት (የዋጋ ግራፍ) ላይ ያድራል። አሁን ማስተማሩን ልተው ነው ይላል፤ ትርፉን በፎቶ ያሳየኛል። ምን ልበለው?

እህቴ፣ ፎቶውን ተዪው። አብራችሁ ቁጭ በሉና ስልኩ ላይ ሜታትሬደርን (የሚነግድበትን መተግበሪያ) ክፈቱ። «ሂስትሪ» (ታሪክ) የሚለውን ይጫን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያሳይ ያድርገው። እዚያ ላይ ያስገባው፣ ያወጣውና ትርፍና ኪሳራው ተደምሮ ይታያል። ደግሞ ሁሉንም አካውንት ይክፈት፤ የተቃጠለውን ደብቆ አዲሱን የሚያሳይ ሞልቷል። ካስገባው ይልቅ ያወጣው ከበለጠ የሚያወራው ነገር አለው ማለት ነው። ካልበለጠ ግን ጭቅጭቅ አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እንቅልፉን በተመለከተ ደግሞ፣ ሌሊት ሲያፈጥ አድሮ ጠዋት ክፍል የሚገባ ሰው ሁለቱንም በቅጡ አይሠራም፣ ይህን በእኔ ስም ንገሪው።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ ነው ያለሁት። ልጄ አዲስ አበባ ሥራውን ለቅቆ በአክሲዮን ገበያው ልነግድ ነው፣ በጎቹን ሽጥልኝ ይለኛል።

አባቴ፣ በጎቹን አይሽጡ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው፣ የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። ገበያው ገና ልጅ ነው፤ አክሲዮን ገዝቶ ትርፍ ድርሻ መጠበቅ ደግ ነው፣ በየቀኑ እየገዛና እየሸጠ ቀለብ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ከራሱ ደሞዝ ቆጥቦ ትንሽ ይግዛ። ምናልባት «አክሲዮን» የሚልዎት ፎሬክስን ሊሆን ይችላልና የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ አካውንትህን ላንቀሳቅስልህ፣ ትርፉን እንካፈል አለኝ።

ኪሳራውንስ ይካፈላል? የይለፍ ቃልህን ሰጥተኸው ከሆነ አሁኑኑ ቀይረው።